ሞልቶ የታየው ክፍል

ኢንስፔክተሯ ሰኞ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ አፈላች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ አሙቃ ቆማ በላች። የሳሎኑ ግድግዳ ሰዓት አንድ ከሃያ ሁለት ይላል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀንሳ አንድ ከአሥር መሆኑን አወቀች። ሰዓቱን የሰቀለው ሰው ሆን ብሎ ነበር ያስቀደመው፣ እሷ ከቤት ለመውጣት እግሯ ስለሚጎተት። አሁን የሚያጣድፋት የለም። ሰዓቱን ግን አላስተካከለችውም፤ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት መቀነስ ለምዶባታል። በሩን ቆልፋ፣ መቆለፉን አረጋግጣ ወጣች።

በአምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ቢሮዋ ገባች። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ተቀመጪ ስትባል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በእጇ የያዘችው ደብዳቤ ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል።

ታሪኳን ረጋ ብላ ተናገረች። ባሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ራሱን እያመመው ሲያስቸግረው ከሃያ ስምንት ቀን በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን ተነሣ። ውጤቱ «ምንም የተለየ ነገር አልታየም» የሚል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልጆቹን ሁሉ በየቤታቸው አድርሶ፣ አውቶቡሱን ጋራዥ አስገብቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመቀመጫው ሳይወርድ ቀረ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት አገኘ፤ በአሥራ ዘጠኝ ቀን የመጣ ሊሆን አይችልም አላት። ስለዚህ ምስሉን ፈለገች። ምስሉን የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዛ ሰኞ እንደምትመጣ ቅዳሜ ለክሊኒኩ ደውላ ተናገረች። ዛሬ ስትሄድ የኮምፒውተሩ ዲስክ ተበላሽቶ የወሩ ምስል በሙሉ መጥፋቱን ነገሯት።

«መቼ ጠፋ ስላቸው ከአንድ ሰዓት በፊት አሉኝ» አለች። «ከአንድ ወር በፊት ቢሉኝ አምን ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሌላ የምትጨምረው እንዳለ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። ሲመረመር ሕመሙን በማይክሮፎን አስቀድተውት እንደነበር ነገረቻት። ማታ ቤት ገብቶ «ዛሬ ሬዲዮ ጣቢያ ቀርቤ መጣሁ» እያለ ልጆቹን ሲያስቅ አመሸ።

«ስልኩን ማን ነው ያነሣው?»

«ሴት ናት። ስሟን አልጠየቅኋትም።»

የክሊኒኩ ምስል ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩ አጠገብ አምስት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ የአንዱ መደገፊያ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ቴክኒሻን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የነቀለውን ዲስክ በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ለመነሣት ሞከረ፤ ዲስኩን ላለመጣል ተመልሶ ተቀመጠ።

ዲስኩ አንድ ቢሆንም ለሁለት የተከፈለ መሆኑን አስረዳት። በአንደኛው ክፍል መዝገቡ አለ፣ በሌላኛው የመዝገቡ ቅጂ። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ይመጣል፤ የቅጂውን ክፍል ፎርማት አድርጎ ያጸዳና መዝገቡን እንደ አዲስ ይገለብጥበታል። ዛሬ ቅጂውን አጠፋሁ ብሎ መዝገቡን አጠፋ።

«ስም የላቸውም?»

«ኮምፒውተሩ የድሮ ማሽን ነው። ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣቸው፤ እሱንም በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ያቀያይረዋል። በመጠንም እኩል ናቸው።»

«ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ?»

«በሙላታቸው። መዝገቡ ከቅጂው ሁልጊዜ በአንድ ወር ሥራ ይበልጣል። የሞላውን እተዋለሁ፣ የጎደለውን አጠፋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም የጎደለውን ነው ያጠፋሁት።»

ይህን ሲናገር ዓይኗን አላየም፤ በሩን ነበር የሚያየው። ካጠፋ በኋላ መገልበጥ ጀምሮ ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ የመጨረሻው ወር ማኅደር ከዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አየና ገመዱን ነቀለ።

ኢንስፔክተሯ ብዙ ሰው ተሳስቼ ነው ሲላት ሰምታለች። የተሳሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ያወራል፤ ይህኛው ግን መልሱን ለክቶ የሚሰጥ መሰላት። ክሊኒኩ ውስጥ ማን እንዳስቀጠረው ስትጠይቀው የዲስኩን ፎጣ እንደገና ጠቀለለ። ቆይቶ፣ ምስል የሚያነበው ሐኪም የእኅቱ ባል መሆኑን ተናገረ።

«የሹፌሩን ምስል ያነበበው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ዲስኩም ኮምፒውተሩም ቴክኒሻኑም በአንድ መኪና ወደ ጣቢያ ሄዱ።

ሐኪሙ በአክብሮት ተቀበላት፣ የራሱን ወንበር ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ የዋና ቆብ ያጠለቀች ልጅ ሜዳሊያ ነክሳ የምትስቅበት ፎቶግራፍ አለ። በሹፌሩ ሞት ማዘኑን ተናገረ። ምስሉን በጥንቃቄ እንዳነበበው፣ የሚያስፈራ ነገር እንዳላየበት፣ ሴትዮዋ መደወሏንም ማንም እንዳልነገረው ገለጸ። የሚስቱን ወንድም በተመለከተ አልሸፋፍንለትም አለ።

«ቸልተኛ ልጅ ነው። ሥራ ፈልጊልኝ እያለ እኅቱን ሲያስጨንቃት ነው ያስገባሁት። ጥፋቱን ራሱ ይወጣው።»

ሐኪሙ እሑድ ክሊኒኩ መጥቶ እንደነበር ያወቀችው ከዘበኛው መዝገብ ነው። ሐኪሙ አልካደም። ልጁ የዋና ውድድር ነበራት፤ እዚያ ውሎ ሲመለስ የረሳውን መነጽር ሊወስድ ብቅ ብሎ ወጣ። ዘበኛው ዘጠኝ ከሃያ ገባ፣ አሥር ከአምስት ወጣ ብሎ ጽፏል።

«መነጽር ለመውሰድ አርባ አምስት ደቂቃ?»

«ቤቱ ዕረፍት የማያገኝ ሰው ቢሮው አረፍ ይላል» ብሎ ፈገግ አለ። እሷ ፈገግ አላለችም።

የራጅ ባለሙያዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት። የታካሚውን ቁጥር፣ የተነሣበትን ሰዓት፣ የምስሉን ብዛት፣ የተቀዳውን ድምፅ ርዝመት ሳይቀር ትልቅ መዝገብ ላይ በእጇ ትጽፋለች። ታካሚው ሕመሙን በራሱ አንደበት ይናገር የሚለው አሠራርም የእሷ ነው፤ የመላኪያ ወረቀቱ ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ያናድዳታል። ወጣቶቹ ሠራተኞች በመዝገቧ ይቀልዱባታል፤ አንዱ በድንጋይ ላይ ብትቀርጪው አይሻልም ወይ ብሏት ነበር። ቅዳሜ ስልኩን ያነሣችው እሷ መሆኗን ሳትጠየቅ ተናገረች። ወዲያው ሐኪሙ በር ላይ ቆማ እንደነገረችውና እሱም እሺ እንዳላት ጨመረች።

«እሱ ማንም አልነገረኝም ይላል።»

«ይበላ።»

እሑድ እሷም መጥታ ነበር። አንድ ቀለም ቀቢ ከመሰላል ወድቆ ድንገት ተጠርታ፣ አሥር ከሃያ ገብታ አሥራ አንድ ተኩል ወጥታለች። ይህን ሁሉ ስትናገር ግራ እጇ ከተዘጋው መዝገብ ላይ አልተነሣም። ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ለማየት እጇን ስትዘረጋ ሴትዮዋ ነገ አመጣዋለሁ፣ የሚስተካከል ጽሑፍ አለበት አለች።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያ ስትመለስ ሦስቱንም አንድ በአንድ አሰበቻቸው። አንዱ በሩን ያያል፣ አንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዷ መዝገብ ትሸፍናለች። አንዳቸውንም አላመነችም። መዝገቡን በዚያው ቀን ባለመውሰዷ ግን በራሷ ተናደደች።

ከኮምፒውተር የጠፋ ነገር ሲፈልግ ቀኑን የሚያሳልፈው የጣቢያው ባለሙያ ምድር ቤት ነው የሚሠራው። መሬት ለመሬት ስለሚቆፍር፣ ፀሐይም ስለማይወድ፣ ጋሽ ፍልፈል ብለው ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ተቀብሎታል። ዋናውን ዲስክ ሳይነካ እንዳለ በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠውና የገለበጠውን መቆፈር ጀመረ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ አስጠራት።

«ጋሼ፣ ተገኘ?»

«መጀመሪያ እንደ ሰው እንደምን ዋልክ በይኝ፣ እህቴ።»

«እንደምን ዋልክ። ተገኘ?»

ሳቀና ወንበር ሳበላት። ፎርማት ሲደረግ የሚነቀለው የየበሩ ቁጥር ነው፣ ተከራዮቹ በየክፍላቸው ተቀምጠዋል አላት። ጉዳቱ የሚመጣው ባዶ መስሎት ሌላ ሰው ሲገባባቸው ነው። ቴክኒሻኑ ቶሎ ገመዱን በመንቀሉ ብዙዎቹ አልተነኩም። ከዚያ አንድ ምስል ከፈተላት። ከጆሮ ከፍ ብሎ የወይን ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር አለች።

«ሹፌሩ ነው። መቶ ስድሳ አራቱም ምስል ተመልሷል። ፍልፈል ዓይን የለውም ትላላችሁ፤ እኔ ያየሁትን ሐኪሙ እንዴት አላየውም?»

ኢንስፔክተሯ ነጯን ነገር ጠጋ ብላ አየቻት። አንድ ሰው በዚህች ነገር ላይ ቆብ ደፍቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልጆች አመላልሷል።

«ሌላም አለ» አለ ጋሽ ፍልፈል። «የድሮውን ማውጫ አግኝቼዋለሁ። የሌሎቹ ታካሚዎች ማኅደር ሰኞ ጠዋት ፎርማት እስኪደረግ ድረስ ደህና ነበር። የሹፌሩ ግን ቀድሞ በእጅ ተሰርዟል። እሑድ አሥር ሰዓት ከአርባ ይላል።»

ቴክኒሻኑ እሑድ አልመጣም። ሐኪሙ በአሥር ከአምስት ወጥቷል። በአሥር ከአርባ ማሽኑ አጠገብ የነበረችው የራጅ ባለሙያዋ ብቻ ናት። ኢንስፔክተሯ በመዝገቡ ላይ የተጫነውን እጅ አስታወሰች። መዝገቡን ማክሰኞ አመጣዋለሁ ብላ የቀረችው ሴትዮ በማግስቱ ጠዋት ከነመዝገቧ እንድትቀርብ አዘዘች።

ሐሙስ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ሳሎን ቆማ ሳለ የግድግዳው ሰዓት አንድ ከሃያ ስድስት ይል ነበር። አሥራ ሁለት ቀንሳ ብርጭቆውን ልታስቀምጥ ስትል እጇ ቆመ። በዚህ ቤት ውስጥ ሰዓቱ የሚለውን አምና ወጥታ አታውቅም። የክሊኒኩን ማሽን ሰዓት ግን እንዳለ አመነችው።

የራጅ ባለሙያዋ መዝገቡን በስስ ከረጢት ይዛ መጣች። ኢንስፔክተሯ ስለ ስረዛው አንድም ቃል ሳትነግራት የእሑዱን ገጽ አስገለጠቻት። ቀለም ቀቢው አሥር ከሠላሳ አምስት ተነሣ ይላል። ከዲስኩ በተመለሰው ምስል ጥግ ላይ ደግሞ አሥራ አንድ ከሃያ አምስት ይነበባል። ወደ ሹፌሩ ገጽ ሄዱ፤ በእጅ አራት ከአሥር፣ ምስሉ ላይ አምስት ሰዓት። ሌሎች ስድስት ታካሚዎችን አስተያየች። ሁሉም ላይ ልዩነቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው።

«ማሽኑ ሰዓቱ እንደሚቀድም ታውቂ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ሲገጥሙት ተሳስተው ነው የሞሉት፣ ማንም አላረመውም። ለዚህ አይደል በእጄ የምጽፈው።»

ስለዚህ ማኅደሩ የተሰረዘው በዘጠኝ ከሃምሳ ነው። ሴትዮዋ ገና ቤቷ ነበረች፤ ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ሐኪሙ ነው።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል በሹፌሩ መስመር ዳር በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የተፈገፈገ ነገር አየች። ወደ መስኮቱ አዘንብላ አነበበችው። «አስቸኳይ። ሐኪም ይየው።»

ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ያለውን ከረጢት አጣጠፈችው።

«እኔ ውጤት መናገር አይፈቀድልኝም» አለች። «ስክሪኑ ላይ ሳያት ግን ደነገጥኩ። ለሐኪሙ ነገርኩት። ደግሜ ግን አልነገርኩትም። ውጤቱ ምንም የለም ብሎ ሲወጣ፣ እሱ ነው የተማረው፣ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ።»

አላለቀሰችም። ኢንስፔክተሯም አላጽናናቻትም፤ ውኃ ቀድታ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ይቆረቁራታል። ቴክኒሻኑ የጎደለውን ነው ያጠፋሁት ብሏል። እውነቱን ከሆነ ቅጂው ከመዝገቡ በልጦ እንዲሞላ ያደረገው ምንድን ነው? ምድር ቤት ወርዳ ጋሽ ፍልፈልን ጠየቀችው። እስካሁን ሲቆፍር የኖረው የጠፋውን የመዝገብ ክፍል ነበር፤ ቅጂው ደህና ስለሆነ ዞር ብሎ አላየውም። አሁን ከፈተው። ማኅደሮቹ ያው ናቸው። የቆሻሻ ቅርጫቱን ሲከፍት ግን ዘጠኝ ረጃጅም ቪዲዮዎች ተቀምጠዋል። ያስገባቸው ሰው ሰርዣቸዋለሁ ብሏል፤ ቅርጫቱን ግን አላራገፈውም፣ ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው።

የመጀመሪያውን አጫወተው። የዋና ገንዳ፣ ጩኸት፣ የሚረጭ ውኃ። በሦስተኛው መስመር ቢጫ ቆብ። ከካሜራው ጀርባ አንድ ወንድ ድምፅ ይጣራል፦ «በርቺ የኔ ልጅ፣ በርቺ፣ ደረስሽ!»

ጋሽ ፍልፈል ቪዲዮውን አቆመው። «የተሰረዘ ነገር ሌላ ነገር ካልተጫነበት እንደሚመለስ የሆነ ቦታ ሰምቷል» አለ። «ስልኩ ላይ ያገኘውን ትልቅ ነገር ሊጭንበት ፈለገ። ሁለቱ ክፍሎች ሲከፈቱ ግን መልካቸው አንድ ነው። ከመዝገቡ ሰርዞ በቅጂው ላይ ጫነ።»

«ቅጂው ሞላ። በማግስቱ ቴክኒሻኑ መጥቶ የሞላውን ተወ።»

«የጎደለውን አጠፋ» አለ ጋሽ ፍልፈል። «እንደ ሁልጊዜው።»

ሐኪሙን ጣቢያ አስጠራችው። ቴክኒሻኑ ሦስት ሌሊት ያደረው ከዚያ ክፍል በሁለት በር ርቀት ነው፤ ሐኪሙ አንድ ጊዜም ሊጠይቀው አልመጣም። ስለ ሰዓቱ ነገረችው፤ የማሽን ነገር ምን ይታመናል አለ። በእጅ ስለተጻፈው መዝገብ ነገረችው፤ የራጅ ባለሙያዋ ድሮም ትጠላኛለች አለ። ከዚያ ላፕቶፑን አዙራ አሥር ሰከንድ ያህል አጫወተችለት።

የራሱን ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ወረደ። አሥሩ ሰከንድ እስኪያልቅ ድረስ አላቆመችውም።

«ምስሉን ደግመው አይተው ነበር የሰረዙት?» ብላ ጠየቀችው።

«እሑድ ነው ያየሁት።»

«ደግመው ወይ ነው ያልኩት።»

ላፕቶፑን በእጁ ገፋ አደረገው።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» አለ። «ያን ቀን አልከፈትኳቸውም። ወረቀቱ ራስ ምታት ይላል፣ ሰውየው ጤነኛ መልክ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ጻፍኩና ፈረምኩ።»

«ድምፁንስ አዳምጠው ነበር?»

አላዳመጥኩም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ከአፍታ በኋላ የሚስቱ ወንድም እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። የት እንዳለ ያውቃሉ አለችው።

ቴክኒሻኑ ያን ቀን ከቀትር በኋላ ተለቀቀ። በሩ ላይ እኅቱ ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ አልተቃቀፉም፣ ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። ሰኞ ዕለት በሩን ያይ የነበረው ለምን እንደሆነ ኢንስፔክተሯ አሁን ገባት። የእኅቴ ባል መጥቶ ይናገርልኛል ብሎ ነበር የሚጠብቀው።

ዓርብ የሹፌሩ ሚስት ቤት ሄደች። ወንበር ላይ የተንጠለጠለ የሥራ ጃኬት ዓይኗን ያዘው፤ ወዲያው ዓይኗን አነሣችው። ምስሉ በሙሉ መገኘቱን፣ ሐኪሙ ማመኑን፣ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ መተላለፉን ነገረቻት። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ነገር ደጋግማ ጠየቀች። በጊዜው ቢታይ ኖሮ ይድን ነበር ወይ አለች። ኢንስፔክተሯ አዋቂዎቹ ዕድል ነበረው እንደሚሉ ነገረቻት፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ሴትዮዋ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያስተካከለች ቆየች።

«በማይክሮፎን የተናገረውስ?» አለች። «ልጆቹ ይጠይቁኛል። ፊቱ እንኳ በፎቶ በየግድግዳው አለ፤ ድምፁ ነው የሌለን።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። ጋሽ ፍልፈል ሌሊትና ቀን እንደፈለገው ነገረቻት። ድምፆቹ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ቴክኒሻኑ ገመዱን እስኪነቅል ድረስ ባሉት ሰባት ደቂቃዎች የተገለበጠው ነገር የተጻፈው በእነሱ ላይ ነው። የባሏ ድምፅ በነበረበት ቦታ አሁን ያለው የአንድ የማታውቀው ሰው የጉልበት ምስል ነው።

«ስንት ደቂቃ ነበር?»

የራጅ ባለሙያዋ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ማውጣት አላስፈለጋትም።

ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው የጎደለው።